ሺህ አምስት መቶ ሞል

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ፣
ሚዛኔን ካርቶን ላይ ዘርግቼ፣ ዓይኔ ሰው ላይ ሲመላለስ፣
«ኪሎ! ኪሎ!» እላለሁ፤ እስኪደክመኝ፣ እስኪጨልም፤
ሒሳቡ አምስት ብር ነው፤ ጫማ ማውለቅ ግን ማንም አይስማማም።

ሲመሽ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣
የማታ ክፍል እገባለሁ፣ የኋላ ወንበር መርጬ።
በግንቦት አንድ ሰኞ መምህር ስንሻው፣
መብራት ሊጠፋ ብልጭ ሲል፣ ጠመኔውን የቸኮለው፦

«ጤፍ ስትገዙ ፍሬውን ትቆጥራላችሁ?
ይመሽባችኋል፤ ዓመቱም፣ ዕድሜያችሁ።
ስለዚህ ይመዘናል። ከሚዛኑ ወደ ቍጥሩ
ድልድዩ ሞል ነው፤ ሳትዘሉ ተሻገሩ።
ውሃ ከሆነ ግራሙን አካፍሉት ለአሥራ ስምንት፤
ያገኛችሁትን አባዙት በዚያ በማያልቀው ተራ፣
ከስድስት ኋላ ሃያ ሦስት አኃዝ በተሰለፈበት።»

ከዚያ ወዲህ ሚዛኔ ላይ የሚቆም ሁሉ
በሆዴ ይካፈላል።
ከመቶው ስድሳው እጅ ሰው ውሃ ነው ይባላል፤
ስድሳ ኪሎው ደላላ፣ ሠላሳ ስድስቱ ውሃ፣
ሁለት ሺህ ሞል ተሸክሞ ይጮኻል በስልኩ፦ «መጣሁ! በቃ!»

እትዬ ዘርፌ ግን የሚመጡት ዓርብ ዓርብ ነው፤
ከክሊኒክ ሲመለሱ፣ ካርዳቸውን እንደያዙ፤
ጫማ የሚያወልቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።
በግንቦት ሃምሳ ሁለት፤ ሰኔ ላይ ሃምሳ ሙሉ፤
ከዚያ አርባ ስምንት። ምንም አይሉ።

ሐምሌ ሲገባ፣ ከሚዛኑ ጎን ያለችውን ጥርሳም ቁልፍ
በአውራ ጣቴ ገፋኋት፣
ማንም ሳይቆምበት መርፌው ሁለት ኪሎ እስኪያልፍ።
«ያው ነዎት፤ አርባ ስምንት፤ አልቀነሱም» አልሁ፤
ብሩን ሲሰጡኝ ዓይኔን ወደ ታክሲዎቹ ላክሁ።

ያን ማታ ደብተሬ ላይ ውሸቴን አሰላሁ፦
ሁለት ሺህ ግራም፣ ለአሥራ ስምንት፤
መቶ አሥራ አንድ ሞል፤
በውስጡ አንድም ሞለኪዩል የሌለበት ሞል።
መምህር ስንሻው ከኋላዬ አየው፦ «ስሌቱ ልክ ነው» አለኝ፤
«መነሻው ከተሳሳተ ግን እስከ መጨረሻው አኃዝ ይሳሳታል።»
ስለ እትዬ ዘርፌ አያውቅም። እኔን ግን ደረቴን ወጋኝ።

ነሐሴ። ዝናቡ አባርቶ ካፊያው ብቻ ሲቀር፣
መጡና ሳይወጡ ቆሙ ከሚዛኑ ዳር።
«በል ያቺን ቁልፍ መልሳት፤ ስታዞር አይቻለሁ፤
ልጅ ያዘነልኝ ነው ብዬ ሁለት ዓርብ ዝም አልሁ፤
ዛሬ ግን እውነቱን፤ ሰኞ ሐኪሙ ፊት እቆማለሁ።»

መለስኋት። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች።
ከጃንጥላቸው አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ወረደች፤
ያገሩ የጤፍ ክምር፣ ፍሬ በፍሬ ቢቆጠር፣
በእሷ ያለውን አያክልም፤
መርፌዋ ግን ንቅንቅ አላለች።

ወጡ።
«አርባ አምስት» አልሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።
ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
ካርቶኑን ከሥር ስቤ፣ በእስክሪብቶ፦
«ሃያ ሰባቱ ኪሎ ውሃ ነው፤ ሃያ ሰባት ሺህ ግራም፤
ለአሥራ ስምንት ሲካፈል ሺህ አምስት መቶ ሞል፤
አሁን፣ እዚህ፣ ከእርስዎ ጋር፤ የትም አልሄደም።
በሞለኪዩል ሲሆን፣ እትዬ፣ ዘጠኝና ከኋላው ሃያ ስድስት አኃዝ…»
ዜሮው ሳያልቅ የካርቶኑ ጠርዝ አለቀ።

መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ ብለው አዩት፤
ጣታቸውን በዜሮዎቹ ላይ አንድ ባንድ አስኬዱት።
«ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው እንዴ ‹ቀለልሽ› የሚሉኝ?»
አሉና ሳቁ፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው።
ካርቶኑን ለመኑኝ። ቀድጄ ሰጠኋቸው።

ደረጃውን ወረዱ፣ ጃንጥላው ባንድ እጅ፣ ቍጥሩ ባንድ እጅ።
ሚዛኑ ላይ የእግራቸው ዱካ እርጥቡን ቀርቶ ነበር፤
ከጠርዙ እየሳሳ፣ ሳይታይ እየሄደ፣
መርፌዋም ዜሮ ላይ፣ ምንም እንዳልሄደ።

«ደንብ አስከባሪ!» አለ የሎተሪው ልጅ።
ብድግ አድርጌ ሸጎጥሁት፣
እርጥቡን ወደ ደረቴ።